«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ»

እናቴ ባለፈው ሰኔ ጓሮ ውስጥ ወደቀች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው ቤታችን። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ተመስገን አልን። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያመጣነውም እኛው ልጆቿ ነን።

ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ»። ቡና ልቁላ ስትል «ተቀመጪ»። ነጠላዋን እንኳን እኛ ነበርን የምናለብሳት። ሦስት ሳምንት ፍራሽ ላይ ዋለች። በአራተኛው ከፍራሹ ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለጋት። ይህች ሴት እኮ ቀፊራ ወርዳ ቲማቲም ተከራክራ የምትገዛ ነበረች!

በፍቅር ነው ያደረግነው። በየቤቱም እንዲሁ ነው የሚደረገው። ግን የአረጋዊ ጡንቻ አልጋ ላይ ከዋለ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። ለመመለስ ደግሞ ወራት ይፈጅበታል። አንዴ የወደቀ ሰው በራሱ ጊዜም ይፈራል፤ ሲፈራ አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ እግሩ ይከዳዋል፣ እግሩ ሲከዳው ዳግም ይወድቃል።

ለምን እንደወደቀች ያሰብንበት ቆይተን ነው። የግፊት መድኃኒቷ የሚያሸና ዓይነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ብዙም አይሰማም። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከመደቡ ብድግ ስትል ዓይኗ ጨለመ። ከጠዋት ጀምሮ ከሁለት ሲኒ ቡና በቀር ፈሳሽ አልቀመሰችም። ውሃ ጠጣሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

ሐኪሞች አንድ አረጋዊ ራሱን መቻሉን የሚያዩት በስድስት ነገር ነው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያቅተው መታጠቡ ነው። በኛ ሰፈር የብዙ ሰው መታጠቢያ ጓሮ ነው፣ ሲሚንቶው ያዳልጣል። መጸዳጃውም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምን ይዞ ይነሳ? እኛ አንድ ብረት አስበይደን ግድግዳው ላይ አስመታን። በቃ፣ ለብቻዋ መግባት ጀመረች።

ስትሮክ፣ ስኳር፣ ድብርት፣ የዓይን ሞራም ሰውን ከቤት ያስቀራሉ። ሞራ በቀዶ ሕክምና እንደሚነሳ እየታወቀ «እርጅና ነው» ተብለው በዳበሳ የሚኖሩ ስንት እናቶች አሉ! ይሄ ያናድደኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመክራል። ጂም አያስፈልግም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከወንበር አሥር ጊዜ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ጠረጴዛ ይዛ ነበር፣ አሁን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ።

ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሽማግሌ ያለበት ቤት ስትገቡ ግፊት ብቻ ለክታችሁ አትውጡ። «እማማ፣ እስኪ ሳይደገፉ ይነሱ» በሏቸው። ልጆቹም ቆመው ይዩ።