የሯጭ ጉልበት በስልክ ይለካል?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የረጅም ርቀት ሯጮች በየጊዜው የጉልበትና የዝላይ ፍተሻ ሊደረግላቸው ይገባል።

ረዳት አሠልጣኝ፣ ከሱሉልታ

በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹ አሟሙቀው ሲጨርሱ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሦስት ሦስት ጊዜ ሽቅብ ይዘላሉ። እኔ ሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ እቀርፃለሁ። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል ይይዛል። እግር መሬት ከለቀቀበት እስኪነካ ያለውን እቆጥራለሁ፤ ግማሽ ሰከንድ አየር ላይ የቆየች ልጅ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዘላለች ማለት ነው። ወጪ የለውም።

ለምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ ያውም 10 ሺህ ሜትር ተሩጦ! ያቺ ሽርፍራፊ ከሳንባ ብቻ አልመጣችም። በ1999 በወጣ የፊንላንዶች ጥናት፣ ከልምምዳቸው ሲሶውን ያህል በዝላይና በአጭር ፍጥነት የተኩ ሯጮች በ9 ሳምንት የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸውን አሻሽለዋል፤ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው ግን አልጨመረም። ሯጭ ይዋሻል፣ አሠልጣኝ ይዋሻል፣ ዝላይ አይዋሽም።

የቀድሞ ሯጭ፣ ከኮተቤ

«ዝላይ አይዋሽም።» እዚህ ስደርስ ሻዩ ትን አለኝ። ልጄ፣ ስልኩን ለልጅ ልጄ ሰጥቼ በዚህ ዕድሜዬ ግቢ ውስጥ ዘለልኩልህ። መጀመሪያ እግሬን ዘርግቼ አረፍኩ፤ ቀጥዬ ጉልበቴን አጥፌ። ሁለተኛው በለጠ! ጉልበቱን ያጠፈ ሰው መሬት የሚነካው ዘግይቶ ነው፤ ስልክህ ደግሞ የዘገየውን ሁሉ ከፍ ብሎ የዘለለ ይመስለዋል። የማይዋሸው ምስክርህ ይኸው ነው።

አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ማን አዘለለው? የእኛ ፍተሻ የእንጦጦ ዳገት ነበር። የወጣ ወጣ፣ ያልወጣ ወደ ቤቱ።

ረዳት አሠልጣኝ

ጋሼ፣ ሚዛን ላይ ጣቱን የሚጭን ነጋዴ አለና ሚዛን ይጣል? አጥፋ ያረፈችውን አልቆጥርላትም፤ ድገሚ ነው የምላት። በቆጠራ አንድ ምስል ብስት የማጣው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። የኃይሌን 0.09 ግን ዘለሉት፤ ለካ ዝላይ ይችላሉ።

«ያልወጣ ወደ ቤቱ» ያሏት ነገር አልዋጥልህ አለችኝ። በእርስዎ ዘመን የተረከዝ ጅማቱ አብጦ፣ ሰነፍ ተብሎ ስንቱ ተመለሰ? ባለፈው ክረምት የአንዲት ልጅ ዝላይ በሦስት ፍተሻ 4 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ሰነፍሽ አላልኳትም፤ 10 ቀን ልምምዷን አቀለልኩላት። ዛሬ ከፊት ናት። ዳገት ይህን አይናገርም።

የቀድሞ ሯጭ

ድገሚ የሚላት ማነው? አንተ። አጥፋ ማረፏን የሚያየው? አንተ። እንግዲያው ምስክሩ ዝላዩ ሳይሆን ዓይንህ ነው፤ ዓይን ደግሞ እኛም ነበረን። «አይዋሽም» ያልካትን መጀመሪያ አንሣ።

ያቺ ልጅ ቁርስ በልታ ነበር? አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው፣ ሽሮ ለምሳም ለራትም እያሉ የሚሮጡትን ሳላውቃቸው ቀርቼ ነው? 4 ሴንቲ ሜትሯ የወረደው ከሆዷ ነው። ይህን ለማወቅ በሆድ መተኛት ሳይሆን ቤቷ ድረስ መሄድ ነበር።

ደግሞ የምትጽፍበት ደብተር አለ አሉ። ለማናጀር ልከሃል ወይስ አልላክህም?

ረዳት አሠልጣኝ

ቤቷ ሄጃለሁ። ሽሮ ነው፣ እሱም በቀን አንዴ። ግን ሂድና ጠይቃት ያለኝ ማን ሆነና? ዝላዩ ነው።

ማናጀሩ ጠየቀኝ፣ ላክሁለት። ሁለት ልጆች ወሰደ፤ በዝላይ ዝቅ ያለችዋን ተዋት። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ የምንከራከረው ይለካ አይለካ በሚለው ነው። እኔ ከደመወዜ ዕንቁላል የምገዛ ሰው ነኝ፤ እንደ ደላላ አይዩኝ።

የቀድሞ ሯጭ

ደላላ ያለህ የለም። ይቅርታ፣ ያለዎት የለም፣ አቶ ረዳት አሠልጣኝ። ግን «ሌላ ጉዳይ» አይደለም፤ ጉዳዩ እሱ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2016 ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። ያኔ ሠንጠረዥ ያለው ሰው «የ800» ብሎ ዘግቶባት ቢሆንስ? በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ማን ይገባልን ነበር? ያቺን የተተወችውን ልጅስ ማን ያስጠራታል?

ረዳት አሠልጣኝ

ትዕግስትን ከጠሩማ ለእኔ መሰከሩ፤ የ800 እግር ነው ማራቶን ላይ የበረረው! «አይዋሽም» ያልኩትን «ብዙ ጊዜ አይዋሽም» ብለው ያንብቡልኝ። ማክሰኞ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ይምጡ፤ እርስዎንም እለካዎታለሁ። ጉልበት ሳያጥፉ።

የቀድሞ ሯጭ

እመጣለሁ። ስልኩን ተወውና ደብተሩን ይዘህ ጠብቀኝ፤ ለማናጀሩ የላክኸውን ገጽ። ልጅቷም ትምጣ።