በ«ፔትር» የሚጀምሩ ቃላት፦ ዘመዱና ባዳው

የእንግሊዝኛ ቃላት አጠናለሁ ብሎ የቃላት ዝርዝር የከፈተ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። አንድ ገጽ ላይ የተደረደሩት ሁሉ አጀማመራቸው ይመሳሰላል። አምስተኛው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጠፍቷል። ሦስተኛውና ስድስተኛው ደግሞ ተምታተዋል። ጥፋቱ የጭንቅላታችሁ አይመስለኝም። የፊደል ተራ ቃል ፈልጎ ለማግኘት የተሠራ ዘዴ ነው። በእሱ ማጥናት ግን የስልክ ማውጫ ይዞ ከሰው ጋር ለመተዋወቅ እንደ መሞከር ነው።

ከመሸምደድ በፊት ቃሉን «ከየት መጣህ?» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ለምሳሌ ፒ፣ ኢ፣ ቲ እና አር በሚሉት አራት ፊደላት የሚጀምሩትን እንይ።

ከእነሱ ውስጥ የምወደው ፔትሪኮር ነው። ከርሞ የደረቀ መሬት ላይ ዝናብ ሲያርፍ የሚነሳው ሽታ ማለት ነው። ሽታውን የማያውቅ የለም፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቃሉ ጥንታዊ ይመስላል እንጂ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ሰየሙት። በደረቁ ወራት ዕፅዋት የሚያመነጩት ዘይት አፈሩና ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል። ዝናቡ ሲመጣ ወደ አየር ይወጣል። ለዚህ ነገር ስም ሲፈልጉ ሁለት የግሪክ ቃላት ገጣጠሙ። «ፔትራ» ዓለት ነው። «ኢኮር» ደግሞ በግሪክ አፈ ታሪክ በአማልክት ደም ሥር ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽ። የዓለት ደም እንደ ማለት። ሳይንቲስቶቹ ይህን ካወጡ ለገጣሚዎች ምን ቀረላቸው?

ፔትራ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጴጥሮስ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ኬፋ የሚለው የአረማይክ ስሙም ዓለት ማለት ነው፤ ግሪኩ ትርጉሙን ወሰደው። ይህችን አንዲት ነገር ከያዛችሁ የገጹ ግማሽ ራሱን ይፈታል። ፔትሮግሊፍ ዓለት ላይ የተቀረጸ ምስል ነው። በቀለም የተሳለውን ግን አይጨምርም፤ «ግሊፍ» መቅረጽ ነውና። ፔትሪፋይ ድንጋይ ማድረግ ነው። በአሜሪካዋ አሪዞና ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የወደቁ ዛፎች እንዲህ ሆነው ይገኛሉ፤ ግንዱ ግንድ ይመስላል፣ ስትነኩት ድንጋይ ነው። በፍርሃት ክው ብሎ የቀረ ሰውም በዚሁ ቃል ይገለጻል። ፔትረስ የሚባለው ደግሞ የራስ ቅላችን ክፍል ነው። ውስጠኛውን ጆሮ አቅፎ የያዘ፣ ከጥንካሬው የተነሳ ዓለታማ የተባለ አጥንት። ከሺህ ዓመታት በፊት የሞቱ ሰዎችን ዲኤንኤ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ቢያገኙ ደስ የሚላቸው ይህንኑ አጥንት ነው፤ ዲኤንኤውን ከሌላው አጥንት የተሻለ ጠብቆ ያቆያል።

እስካሁን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ፔትሮሊየም ላይ ሲደርስ ይጠመዘዛል። ቃሉ ራሱ «የዓለት ዘይት» ማለት ነው፤ ከዓለት ውስጥ ስለሚወጣ። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆቹ ናቸው። ፔትሮኬሚካል (ከነዳጅ የሚሠራ ኬሚካል)፣ ፔትሮዶላር (ከነዳጅ ሽያጭ የሚገኝ ዶላር) ሲባል ዓለቱ ተረስቷል፤ የቀረው ነዳጁ ብቻ ነው። ፔትሮሎጂ ግን ከነዳጅ ጋር ጉዳይ የለውም። የዓለቶችን አፈጣጠርና ይዘት የሚያጠና ሳይንስ ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት የነዳጅ ጥናት ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ ብዬም በልበ ሙሉነት ለሰው አስረድቻለሁ። ያስረዳሁት ሰው ይቅር ይበለኝ።

ጭራሽ ባዳ የሆኑም አሉ። ፔትሪሳዥ የማሳጅ ዓይነት ነው፤ ጡንቻን እንደ ሊጥ ማሸት። ሊጥ ማቡካት ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ መጣ እንጂ ዓለት አጠገቡ አልደረሰም፤ ዓለት የሚያህል እጅ ያለው አሺ ካልገጠማችሁ በቀር። ፔትሮኔል በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰኞች የሚይዙት አጭር ጠመንጃ ነበር። ሰደፉን ደረት ላይ ስለሚያስደግፉት ስሙ ደረት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል። ሁለቱም እዚያው ገጽ ላይ፣ ከፔትሮግሊፍ ብዙም ሳይርቁ ተሰልፈዋል። ፊደል ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም ድንጋይ ያደርጋቸዋል።

መሃል ላይ የሚዋልልም አለ። ፔትረል የባሕር ወፍ ነው። አንዳንዱ ዓይነት የባሕሩን ወለል በእግሩ እየነካካ ሲበር በውኃ ላይ የሚራመድ ይመስላል። ዊልያም ዳምፒየር የተባለው እንግሊዛዊ ባሕረተኛ ስሙን በውኃ ላይ ከተራመደው ከጴጥሮስ ጋር አያይዞት ነበር። የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ግን በዚህ አይስማሙም፤ ከስሙ በኋላ የተፈጠረ ተረት ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔ ተረቱን አልጥለውም። ወፉን አንዴ በዚህ ከያዝኩት በኋላ ስሙ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ፔትሪ ዲሽንም ባዳ ብዬ ነበር የመደብኩት። ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት ክዳን ያለው ዝርግ ሳህን ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ካስተዋወቀው ከጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ከጁሊየስ ሪቻርድ ፔትሪ ነው። የሰው ስም ነው፣ አለቀ አልኩ። በኋላ «ፔትሪ» ራሱ በላቲን ምን ማለት እንደሆነ አየሁ። «የጴጥሮስ» ማለት ነው።