ማስተካከያ፦ ደጋፊው አይቅር

ባለፈው ስለ ወረርሽኝ ጥንቃቄ ስጽፍ «በሰው እርዳታ የሚኖሩ ሰዎች ደጋፊያቸውን ለጊዜው ቢያስቀሩ ይሻላል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የጻፍኩት እንደ ልቡ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ሆኜ ነው።

በኮቪድ-19 ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ የ1 ሜትር ርቀት ይጠበቅ ብሎ መክሮ ነበር። ግን ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚያዘዋውር ሰው 1 ሜትር ርቆ እንዴት ያነሳል? ክንዱን ብብት ስር ማስገባት፣ ደረት ለደረት መግጠም አለበት። እሱ ከቀረ ደግሞ የሚያገላብጠው ያጣ ሰው በሰዓታት ውስጥ የአልጋ ቁስል ሊጀምረው ይችላል። ቫይረሱ ሳይደርስ ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሩ እንዲህ ይታረም፦ ደጋፊው ይምጣ። እንደገባ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ማስክ ያድርግ። ካመመው ይቅር፤ ተተኪው ግን ቀድሞ ይታወቅ። የዊልቸሩ እጀታና ጎማ፣ ምርኩዙም ይጽዱ። እነዚህን ጭራሽ ረስቻቸው ነበር።

«ማስክ ማንንም አያስቸግርም» ያልኩትም ልክ አይደለም። ከንፈር አይተው ንግግር የሚከታተሉ መስማት የተሳናቸው ሰዎችን በደንብ ያስቸግራል። ለእነሱ ጽፎ ማሳየት ወይም አፍ የሚያሳይ ማስክ መጠቀም ይረዳል።