ክሪኬት ለማያውቅ አገር፦ ብሔራዊ ቡድኑ ይቅደም ወይስ ልጆቹ?

ክሪኬት ብዙም በማይታወቅበት አገር ጨዋታውን ለማስለመድ ትንሽ ገንዘብ ተገኘ እንበል። የት ይግባ? አንዱ ተከራካሪ ብሔራዊ ቡድኑ ይጠናከር፣ ውጭ ያደጉና ከውጭ የመጡ ተጫዋቾችም ይግቡበት ይላል። ሌላዋ ገንዘቡ ሁሉ ልጆቹ ጋ ይሂድ ባይ ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከላይ ይጀመር ባይ፦

ሰው ያላየውን አይወድም። ክሪኬትን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ኳስ ስጡትና ወርውር በሉት። ክንዱን አጥፎ እንደ ድንጋይ ነው የሚለቃት። ይህ ደግሞ በክሪኬት ጥፋት ነው፤ ወርዋሪ ክርኑን አጥፎ እየዘረጋ መልቀቅ አይፈቀድለትም፣ ክንዱ ተዘርግቶ ከትከሻው ላይ መዞር አለበት። ይህን በቃል ላስረዳው ብትሉ ቀኑ ይመሻል። አንድ ጎበዝ ወርዋሪ በቴሌቪዥን ያየ ቀን ግን፣ በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሲሞክረው ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ የሚታይ ቡድን ይቅደም። አፍጋኒስታን በ2008 ጀርሲ ደሴት ላይ በዓለም ክሪኬት ሊግ አምስተኛ ዲቪዚዮን ነበር የምትጫወተው። በ2010 የቲ20 የዓለም ዋንጫ ገባች (ቲ20 ማለት ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው አጭሩ ጨዋታ ነው)። በ2017 የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል ሆነች፣ በ2024 የቲ20 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በዚያው ውድድር አሜሪካ ዳላስ አጠገብ ፓኪስታንን አሸነፈች። ውጤቱ እኩል ሆኖ መለያ የሆነውን ጭማሪ ኦቨር (ስድስት ኳስ) የወረወረው ሳውራብ ኔትራቫልካር ሕንድ ተወልዶ ያደገ፣ ኑሮው በሶፍትዌር ኢንጂነርነት የሆነ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ክሪኬት መኖሩን ያልሰማ ብዙ ሰው በማግስቱ ስለ እሱ ያወራ ነበር። ይህን ወሬ በየትኛው ማስታወቂያ ትገዙታላችሁ?

ከታች ይጀመር ባይ፦

ወንድሜ፣ አፍጋኒስታንን ያነሳኸው አንተ ነህና ከዚያው እንቀጥል። ታሪኩን ከ2008 ጀመርከው እንጂ የሚጀምረው ፓኪስታን ውስጥ ካሉት የስደተኛ መጠለያዎች ነው። ልጆቹ ጨዋታውን እዚያ ሲለምዱት የሚያዩት የአገራቸው ቡድን አልነበረም። ቡድኑ የመጣው ከእነሱ ነው።

በዚያ አካባቢ ልጆች የሚጫወቱበትን ኳስ ታውቀዋለህ? የቴኒስ ኳስ ነው፣ በኤሌክትሪክ ናስትሮ ጥብቅ አድርገው ይጠቀልሉታል። ይከብዳል፣ ይፈጥናል፣ አንድ ጎኑን ብቻ ከጠቀለሉት ደግሞ አየር ላይ ይታጠፋል። እንደ እውነተኛው የቆዳ ኳስ አጥንት ስለማይሰብር ጓንትና የእግር መከላከያ ግዙ አያሰኝም። አንድ ኳስ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮ፣ ቆንጆ ተደርጎ የተጠረበ እንጨት፣ በቃ። ለአንድ የብሔራዊ ቡድን ጉዞ በሚወጣው የአውሮፕላን ትኬት ስንት ትምህርት ቤት ይህን ያገኝ ነበር?

ደግሞስ የሚታይ ቡድን የሚበቃ ቢሆን ኬንያ ዛሬ የት በነበረች! በ2003 የዓለም ዋንጫ ናይሮቢ ላይ ስሪላንካን አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ገባች። ሕዝቡ አየ፣ ጨፈረ። በ2014 ግን ይፋዊ የአንድ ቀን ግጥሚያ የማድረግ ደረጃዋን አጣች። የዚያ ቡድን ኮከቦች እነ ስቲቭ ቲኮሎ ሲያረጁ የሚተካቸው በበቂ አልተገኘም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ከላይ ይጀመር ባይ፦

የኬንያ ነገር እኔንም ያመኛል። ግን የጣላት ማሸነፏ አይደለም። ተጫዋቾቹ በክፍያ ከአመራሩ ጋር ሲጣሉ፣ የአገር ውስጡ ውድድር ሲዳከም፣ ያ ሁሉ ዕድል እጅ ላይ ቀለጠ። ጥፋቱ የአስተዳደር ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ አትዝለይው። ምክር ቤቱ ከ2024 እስከ 2027 ከሚያከፋፍለው ሕንድ ብቻዋን ከ38 በመቶ በላይ ትወስዳለች፤ ከ90 በላይ የሆኑት ተባባሪ አባላት (ሙሉ አባል ያልሆኑት አገሮች) ተደምረው የሚደርሳቸው 11 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያች ላይ ሲደለደልም ውጤት ይታያል። በ2028 ክሪኬት ሎስ አንጀለስ ላይ ወደ ኦሊምፒክ ይመለሳል፣ መንግሥታት ደግሞ ለኦሊምፒክ ስፖርት ነው ኪሳቸውን የሚፈቱት። ያለ ቡድን ምን ይዘሽ ነው ቢሮ የምትገቢው?

ከታች ይጀመር ባይ፦

ልጆችን ይዤ እገባለኛ! ሩዋንዳን ተመልከት። ከ1994 በኋላ ከኡጋንዳና ከኬንያ የተመለሱ ስደተኞች ናቸው ጨዋታውን ይዘው የገቡት። ሜዳ ሲያስፈልጋቸው የቡድኑ አምበል ኤሪክ ዱሲንጊዚማና በ2016 የልምምድ መረብ ውስጥ ቆሞ 51 ሰዓት ኳስ መታ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ። በ2017 የጋሃንጋ ስታዲየም ተከፈተ። በ2023 ከ19 ዓመት በታች ሴት ልጆቻቸው በዓለም ዋንጫ ዚምባብዌንና ዌስት ኢንዲስን አሸነፉ። ዌስት ኢንዲስን! እነዚህ ልጆች ከውጭ የመጡ አይደሉም፣ እዚያው የተኮተኮቱ ናቸው።

የአንተን አሜሪካ ደግሞ እይ። ለ2024ቱ ውድድር ኒውዮርክ አጠገብ 34,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ቆመ። ጨዋታው አለቀ፣ መቀመጫው ተነቃቅሎ ሄደ።

ከውጭ የመጡ ጎልማሳ ወንዶች የሞሉት ቡድንስ ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ምን ያደርግላታል?

ከላይ ይጀመር ባይ፦

በሴቶቹ ነገር ረታሽኝ፤ የእኔ ዕቅድ ውስጥ አልነበሩም፣ መኖር ነበረባቸው። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። ያቺን የ12 ዓመት ልጅ ክንድሽን እንዲህ አዙሪው የሚላት ማነው? የስፖርት መምህሯ ጨዋታውን አያውቀውም። የሚያውቁት እነዚያ ከውጭ የመጡት ናቸው። እነሱን ገፍተሽ አሠልጣኝ ከየት ታመጫለሽ?

ከታች ይጀመር ባይ፦

አልገፋሁም። የሩዋንዳዎቹም ከውጭ ነው ይዘውት የመጡት፣ ልዩነቱ ለልጆች ማስተላለፋቸው ነው። እንግዲያው የተጫዋቾቹ ውል ላይ ይጻፍ። ለብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ ሁሉ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ይገኝ፣ ወንዱንም ሴቷንም ያስተምር። የቀረ ከቡድኑ ይውጣ። ገንዘቡ ግን መጀመሪያ ሲሚንቶ ይገዛበት። ኳሷ መሬት ነጥራ ነው ወደ መቺው የምትሄደው፤ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ከነጠረች ፊት ትመታለች፣ ፊቱን የተመታ ልጅ ደግሞ በነጋታው አይመጣም። 20 ሜትር የሆነ ለስላሳ ሲሚንቶ፣ ላዩ ላይ ምንጣፍ። እሱ ከተነጠፈ በኋላ ስለ ትኬቱ እናወራለን።