ባሬላው አንድ፣ ክፍያው ሁለት

ባለፈው ዓመት እዚህ ሐዋሳ፣ ዳቶ ባለው ግቢዬ ሰርቪስ ቤት አሠራሁ። ግንበኛው አራት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ፤ ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች። ሥራ ሳይጀመር ሂሳቡን ነገረኝ። «የወንድ ይሄን ያህል፣ የሴት ይሄን ያህል።» ልዩነቱ ምሳ ተበልቶበት ሻይ የሚጠጣበት ነው። የከተማው ዋጋ ነው ብዬ ተስማማሁ።

ቅዳሜ ዕለት በረንዳ ላይ ቡና እየቆላሁ አየኋቸው። ባሬላ ለሁለት ነው የሚያዘው። ከፊት ልጁ፣ ከኋላ ልጅቷ። አሸዋው አንድ፣ መንገዱ አንድ። መዳፏ እንዳይላጥ አሮጌ ካልሲ ጠምጥማበታለች። ሲደፉት ደግሞ ከኋላ ያለችው እሷ ናት ወደ ላይ የምታነሳው። ማታ ሂሳብ ስከፍል ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። እሷ መዳፍ ላይ ያነሰውን ብር ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

«ወንድ ጉልበት አለው» ይባላል። እሺ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ብቻውን ለሚሸከም ይጨመርለት። ያኔ ግን የተከፈለው ለሥራው ነው። ያን ቀን ሲሚንቶ የተሸከመ አልነበረም፤ ዋጋው የተቆረጠው ሥራው ሳይታይ ነበር።

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሴትን በደመወዝ መለየት ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ደግሞ አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ» ይላል። ይህቺ ቃል ትልቅ ናት።

ለምን ብትሉ፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አስቡት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የምትሰፋው ሴት ናት፣ መኪናውን የሚጠግነው በአብዛኛው ወንድ። ሁለት ሰፊዎች እኩል ቢከፈላቸው ሕጉ ተከበረ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል የምትውል ልጅ ሙያ ከጥገናው ያንሳል ብሎ የመዘነው ግን ማነው? የግሉን ዘርፍ የሚገዛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ደግሞ የለንም።

ትርፍ ሰዓትም አለ። በአዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል። ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን ልጅ ከጎረቤት የምትቀበል እናት አትደርስበትም። ያላገባችውም ብትሆን በጨለማ ዳቶ ድረስ በእግሯ አትመጣም፣ የሌሊት ባጃጅ ደግሞ ያገኘችውን ይበላዋል። የወሩ መጨረሻ ላይ ፔይሮሉ ሲታይ ወንዱ የበለጠ «ታታሪ» ይመስላል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲን የ200 ዓመት የአሜሪካ መረጃ መርምራ፣ ዛሬ ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጠረው የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ መሆኑን አሳይታለች።

እኛ ጋ ነገሩን የሚያከብደው የወሊድ ፈቃዱ አከፋፈል ነው። የ120 ቀኑን ደመወዝ የሚሸፍነው አሠሪው ብቻውን ነው። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ስለዚህ አሠሪው ሲቀጥር ያሰላል፣ ሴቷን ያልፋታል። ፈቃዱ ይቀነስ አልልም፣ በፍጹም። ግን ለጡረታ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ እንደሚያዋጡ ሁሉ፣ ለወሊድም ከወንድም ከሴትም ሠራተኛ ስም የሚዋጣ የጋራ ቋት ይቋቋም። ያኔ ሴት መቅጠር ለብቻው ወጪ መሆኑ ይቀራል። የሠራተኛ ማኅበራትም ይህን አጥብቀው ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ሰኞ ጠዋት ግንበኛውን ጠርቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለአራቱም እኩል ነው የምከፍለው አልኩት። ያለፈውን ሳምንት ልዩነትም ለሁለቱ ሴቶች ጨመርኩ።

«እትዬ፣ ገበያ ያበላሹብናል እኮ» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የምሩን ተጨንቆ ነው።

ሥራው እስኪያልቅ እንደተባባልነው ሄደ። ቀጣዩ ግንባታ ላይ ግን ወደ ድሮው ዋጋ እንደሚመልሰው አልደበቀኝም። ያ ግንባታ ከእኔ ግቢ ሁለት ቤት አልፎ ነው።