ልምምድ ለምኔ!

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደረጃውን ወደ ኋላ እየሄደ ሲወርድ አገኘሁት። ወደ ኋላ። በሁለት እጁ የደረጃውን ብረት ጨብጦ፣ አንድ እግሩን ያወርዳል፣ ይተነፍሳል፣ ሌላውን ያስከትላል። አንገቱ ላይ ሜዳሊያ አለ። እሁድ ግማሽ ማራቶን ሮጦ የተሰጠው ሜዳሊያ ሰኞ ከክራባቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። ስህተቱ የኔ ነው። ሜዳሊያ አድርጎ ቢሮ የመጣን ሰው ምን ሆንክ አይሉትም።

ሃያ ደቂቃ ነገረኝ። መጀመሪያ ርቀቱን፣ ቀጥሎ ዳገቱን፣ በመጨረሻ የአውራ ጣቱን ጥፍር። ጥፍሩን ፎቶ አንስቶታል። ጠቁሯል። አሳየኝ። ቁርሴን ገና መብላቴ ነበር። ዋናውን ነገር ግን ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ደግሞ'ኮ ምንም አልተለማመድኩም!» አለኝ።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። እናንተም ቢሮ አንድ አይጠፋም። በየውድድሩ እየበዙ ነው። እስከ ዛሬ አምተናቸዋል፤ ዛሬ ግን ላመሰግናቸው ተነስቻለሁ።

ሌላው ዓለም እኮ ሞኝ ነው። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ናት። ለዚህች ብሎ ሰው ሦስት ወር ይለማመዳል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሮጣል። ርቀቱን ትንሽ በትንሽ ይጨምራል። ጫማውን ቀድሞ ያላምዳል። ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ ልምምዱን ቀነስ አድርጎ እግሩን ያሳርፋል። ስንት ጊዜ ባከነ! የኛ ጀግኖች ይህን ሁሉ ጣጣ በሁለት ቃል ገላግለውናል፦ «በደማችን አለ።»

የኛ ሰው አልተለማመደም ብል ግን ሐሜት ይሆንብኛል። ፕሮግራም ነበረው። የ12 ሳምንት፣ ከኢንተርኔት ያወረደው፣ በቀለም አትሞ ፍሪጁ ላይ የለጠፈው። አፈጻጸሙን እሱው እንደነገረኝ ላቅርብ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጫማ ተገዛ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቱ ልታነበው ትችላለች። በሁለተኛው ሳምንት ጫማው ፎቶ ተነሳ፣ ተለጠፈ፣ «አንበሳው!» የሚል አስተያየት ጎረፈለት። በሦስተኛው ሳምንት የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ተገዛ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲቆጥረው ልቡ በጣም ጥሩ ላይ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም አንጀት ደግሞ አይሮጥም። ጾመው የሚሮጡ አትሌቶች እንዳሉ ብነግረው «እነሱማ ለምደውት ነው» አለኝ። ለምደውት! ቃሉ ከራሱ አፍ ሲወጣ አልሰማውም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ከአራተኛው እስከ አስራ አንደኛው ሳምንት ድረስ ያለው ሄደ። አስራ ሁለተኛው ሳምንት ፋሲካ ሆነ። በፋሲካ ሰሞን የሚሮጠው በግ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ሮጧል። ይህንን አልነሳውም። እንጦጦ በመኪና ወጣ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያለፈ ተራራ ነው፤ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው እንኳ አየሩ ይሳሳል። ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጦ ጎኑን ሲወጋው ቆመ። ከባሕር ዛፉ ሥር ፎቶ ተነሳ። ማክያቶ ጠጣ። የእንጦጦ አየር ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል ብሎ ያምናል። እንደ ጎተራ እህል።

«ይህች ልምምድ ትበቃለች እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው ማስረጃ ደረደረልኝ። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሺያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ በርቀቱ የመጀመሪያ ውድድሯ ነበር። «አየህ? የመጀመሪያዋ ነው! ለኔም የመጀመሪያዬ ነው።» እውነቱን ነው፣ በዚህ በኩል አንድ ናቸው። ልዩነታቸው እሷ ያን ጊዜ የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በእጇ ነበር፤ በሱ እጅ ደግሞ ማክያቶው።

በዚህ አላበቃም። አበበ ቢቂላን ጠራብኝ። የአበበን ስም ሳይጠራ የሚሮጥ ሰነፍ የለም። «እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ደገመው። እኔ'ኮ ትርፍ አንጀቴም ከነነፍሱ አለ!» ለዚህ መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ለነገሩ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከታላቁ ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ይህ 10 ኪሎ ሜትር፣ ከፊት ላሉት አትሌቶች ውድድር ነው፤ ከኋላ ላለነው ሰርግ። እኔም ቲሸርቱን ለብሼ ጨፍሬበታለሁ፤ ደስ ይላል። ችግሩ የኛ ሰው ከዚያ ያመጣው ሂሳብ ነው። አስሩን ኪሎ ሜትር እየጨፈርኩ ከጨረስኩ፣ ሃያ አንዱ ማለት ሁለት ጭፈራ ነው።

የውድድሩ ዋዜማ። «ካርቦሃይድሬት ብላ» የሚል አንብቧል። ጾሙ ተፈትቷል። ስለዚህ ክትፎ በቆጮ ታዘዘ፤ ካርቦሃይድሬቱ ቆጮው ነው። ሁለት ቢራም ተጨመረ፤ ገብስ ነው። ጠዋት አዲሱን ጫማ ከካርቶኑ አወጣው።

ከተማዋን አልጠራም። ደጋ ናት፣ ዳገት አላጣችም፣ ሕዝቧም እንግዳ ወዳድ ነው። የኛ ሰው መነሻው ላይ ከፊት ተሰለፈ፣ ከአትሌቶቹ ጋር። ለምን ከፊት? የቴሌቪዥን ካሜራ ከፊት ስለሆነ። ተኩሱ ሲሰማ ፈነጠረ። «ለመጀመሪያው 200 ሜትር ከነሱ ጋር ነበርኩ» ይላል። በኔ ግምት እነሱ እያሟሟቁ ነበር። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እጁ ወገቡ ላይ ወጣ። ስድስተኛው ላይ ዳገቱ መጣ። ዳገቱ ላይ አንዲት ማገዶ የተሸከሙ እናት ቀደሙት። እሳቸው አልተመዘገቡም። ዘጠነኛው ላይ ተረከዙ ውሃ ቋጠረ። አስራ አንደኛው ላይ ቁልቁለት ሆነ፤ «አሁን በለው!» ብሎ ተለቀቀ። ይህች ቁልቁለት ናት ሰኞን ያበላሸችው፤ ወደሷ እንመለሳለን። አስራ አራተኛው ላይ ባቱ ተሸማቀቀና አስፋልት ላይ ተዘረጋ። የሰፈር ልጆች ከበው «አይዞህ ጋሼ!» አሉት። ገና 34 ዓመቱ ነው። ጋሼ የሚለው ከባቱ ይልቅ አሞታል።

አስራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባጃጅ መጣ።

ይህን የነገረኝ ለማንም እንዳልናገር አስምሎ ነው፤ ስለዚህ በእናንተ መካከል ይቅር። ዋናው መንገድ ለውድድሩ ተዘግቷል። ባጃጁ በጓሮ መንገድ ነው የሚያልፈው። የኛ ሰው ግንብ ተደግፎ፣ ነፍሱ ልትወጣ አንድ ሐሙስ ቀርቷት፣ ዋጋ ተከራከረ። ሹፌሩ ደረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ «ለሯጭ ጭማሪ አለው» አለው። ተስማሙ። ማጠናቀቂያው 300 ሜትር ሲቀረው፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ወረደ። ፊቱን በውሃ አራሰ፤ ላብ እንዲመስል። ላቡ ባጃጅ ውስጥ ደርቆበት ነበር። ከሱቁ ባንዲራ ገዝቶ ትከሻው ላይ ጣለ። ከዚያ ሮጠ። እንዴት ያለ ሩጫ! እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስመሩን ሲያልፍ መሬት ስሞ አለቀሰ። ለቅሶው የእውነት ነው፤ ሲንበረከክ ጉልበቱ ነው ያስለቀሰው።

ሰዓቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ባጃጁን ጨምሮ። ዮሚፍ ቀጄልቻ እ.ኤ.አ. በ2024 ቫሌንሺያ ላይ ርቀቱን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጨርሶታል። በኛ ሰው ሰዓት ዮሚፍ ያንኑ ሦስት ጊዜ ሮጦ፣ ሻይ አዝዞ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ ነበር።

ቀርፋፋ ስለሆነ አይደለም የማሾፍበት። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ወንድሜ ነው። ሦስት ወር ለፍቶ በሦስት ሰዓት የገባ ሰው ካለ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ።

ይህ «በደማችን አለ» የሚሉት ነገር ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያበግነኛል። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ሂዱ። በጨለማ፣ በብርድ፣ ተራ በተራ ተሰልፈው የሚሮጡ ልጆች ታያላችሁ። ከገጠር የመጡ፣ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከዚያ ሁሉ ዳገት በኋላ ቁርሳቸው ዳቦና ሻይ የሆነ። ጫማቸው የተሰፋ ነው። አብዛኞቹን በቴሌቪዥን አናያቸውም፤ ሳይሳካላቸው ይመለሳሉ፣ ወይ ተጎድተው ይቀራሉ። ደም ቢሆንማ ለምን ይነሳሉ? እነሱም እንደኛ ይተኙ ነበር። አበበም ቢሆን ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር ሲለፋ የኖረ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ጫማ ረስቶ የመጣ መንገደኛ አይደለም። አንዲት ልጅ ዓመታት የለፋችበትን ነገር «የኔም ደም ነው» ብሎ ካፌ ቁጭ ብሎ መውረስ፣ ከዚያም አራተኛ ስትወጣ «ምናለ ቀደም ብላ ብትወጣ!» ብሎ ጠረጴዛ መደብደብ፣ ነውር ነው።

እሺ። ተነፈስኩ። ምስጋናዬን ልቀጥል።

የኛን ሰው ብቻ ካመሰገንኩ ሌሎቹ ይቀየሙኛል። ሠራተኛውን በሙሉ አስመዝግቦ፣ እሱ መነሻው ላይ ባንዲራ አውለብልቦ በመኪና መጨረሻው ላይ የሚጠብቀው አለቃ አለ። ጠባቡ መንገድ ላይ አምስት ሆነው ተያይዘው፣ ከኋላ የሚመጣውን አግደው ሰልፊ የሚነሱት አሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሩጫ ጀምሮ ዛሬ ለሌላው አሠልጣኝ የሆነውም አለ። «በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ» ይላል፤ ራሱ በሁለቱም እየሳበ።

ወደ ሰኞ እንመለስ፣ ወደ ቁልቁለቷ። ሰው ቁልቁል ሲሮጥ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደቱን የሚሸከመው። ያልለመደ ጡንቻ በዚህ ይጎዳል። ሕመሙ ደግሞ ያኑ ዕለት አይመጣም፤ በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። ደረጃ መውጣት ይቻላል፤ መውረድ ነው መከራው። ወደ ኋላ ሲሄዱ ትንሽ ይሻላል። ለዚህ ነው ወደ ኋላ የሚወርደው። ቢሮአችን አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩን አትጠይቁኝ።

ማታ ከሥራ ስንወጣ አብሬው ወረድኩ፤ ቦርሳውን ይዤለት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ባልዲ ተሸክመው ሲወጡ አገኘናቸው። ባልዲውን አስቀመጡ።

«ውይ ልጄ! ምነው? ወደቅክ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ሮጬ ነው።» ሜዳሊያውን ቀና አደረገላቸው። «ግማሽ ማራቶን።»

እማማ ሜዳሊያውን አገላብጠው አዩት። ቀጥለው እግሩን አዩ።

«የቀረውን ግማሽስ ማን ሮጠልህ?»

የኛ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።