ማስተካከያ፦ ሠራተኛውን ቤት ያስገባው አዋጁ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በኮሮና ጊዜ ጎንደር ውስጥ ስለነበረው ሥራ ስጽፍ «የመንግሥት ሠራተኛውን ከቤት እንዲሠራ ያደረገው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው።

አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ ከቤት እንዲሠራ የተወሰነው ግን ቀደም ብሎ፣ እዚያው መጋቢት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ከተገኘ በኋላ ማለት ነው። ያመሳከርኩት ከአዋጁና በወቅቱ ከወጡ የመንግሥት መግለጫዎች ነው።

የሳትኩት ቀን ብቻ አይደለም። ውሳኔው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ነበር፤ እኔ የጎንደርን ሠራተኛ በሙሉ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁት። አንዲት የአዘዞ ተማሪ የተሳሳተውን ቀን ለመመረቂያ ጽሑፏ ወስዳው ኖሯል። ደውዬ ነገርኳት፣ አስተካክላዋለች።

ፒያሳ አካባቢ በግል ድርጅት ሒሳብ የሚሠራው ጓደኛዬ ታሪክ ግን ባለፈው እንደጻፍኩት ነው። ላፕቶፑን የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ኢንተርኔት ከስልኩ እየሳበ ይሠራ ነበር። መብራት ከጠፋ ሥራም የለ። ብቻ እሱንም ቤት ዋል ያለው አለቃው እንጂ አዋጅ አልነበረም።